ወንዙ ከሥር ይሄዳል

በ1610 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተሠራ አንድ የእንግሊዝ ካርታ አለ። ከለንደን በስተደቡብ ያለውን የሰሬይ አውራጃ ያሳያል። የሪችመንድና የነንሰች ቤተ መንግሥቶች ተሥለውበታል። ዛሬም አሮጌ ካርታ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ሞል የሚባለው ትንሽ ወንዝ ዶርኪንግን አልፎ ወደ ሌዘርሄድ ሲያቀና ግን ካርታው ላይ ኮረብታዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ አጠገባቸውም «ወንዙ ከሥር ይሄዳል» ተብሎ ተጽፏል።

ካርታውን ያሳተመው ጆን ስፒድ፣ በሙያው ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው። መሠረቱን የወሰደው አገሩን ዞሮ ካጠናው ከጆን ኖርደን ነው፤ ይህንንም ካርታው ላይ አልደበቀም። መዳቡን የቀረጸው ዮዶኩስ ሆንዲዩስ ደግሞ አምስተርዳም ተቀምጦ ነበር። አንዱ ዞረ፣ አንዱ አሰናዳ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ሆኖ ቀረጸ።

ወሬው ግን ከካርታው ይቀድማል። ታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ካምደን በ1586 ባሳተመው መጽሐፍ ሞል ከኮረብታ ግርጌ ተውጦ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ እንደገና ብቅ ይላል ብሎ ነበር። ስለዚህ የአካባቢው ሰው በግ የሚግጥበት ድልድይ አለን ብሎ ሊኮራ ይችላል አለ። ስሙም ወሬውን አገዘው፤ «ሞል» በእንግሊዝኛ ፍልፈል ነው። ስሙ የመጣው ወንዙ ቴምዝ ውስጥ ከሚገባበት ከሞልዚ መንደር ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ፍልፈሉ ግን ለጨዋታ ይጥማል።

እንዲህ ያለ ወንዝ በዓለም የለም ማለት አይደለም። የባሌው ዌብ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያልፋል፤ ከላይ ሰው ይሄድበታል። ሞል ግን እንደዚያ አይደለም።

ይህን ፊት ለፊት የተናገረው ዳንኤል ዴፎ ነው፤ ሮቢንሰን ክሩሶን የጻፈው፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጋዜጠኛ የነበረው። ልጅ ሳለ ዶርኪንግ ተምሯል፤ ወንዙን ያውቀዋል። በ1724 መታተም በጀመረው የጉዞ መጽሐፉ፣ ወንዙን የሚውጥ አንድ ትልቅ አፍ እንደሌለ፣ ውሃው በየዳርቻው ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ጥቂት በጥቂት እንደሚሰርግ፣ ጎርፍ ሲሆን ደግሞ ወንዙ እንደማንኛውም ወንዝ ከላይ እንደሚፈስ ጻፈ። ጎርፉ ጎድጓዳ መስክ ላይ ተኝቶ ውሃው ወደ ታች ሲሰርግ፣ ሰዎች የቀረውን ዓሣ በእጃቸው ሲለቅሙ ማየቱንም ያወሳል።

ዴፎ ልክ ነበር። እዚያ ያለው ዓለት ነጭ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናብና የወንዝ ውሃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ የወንዙ አልጋና ዳርቻ ይበሳሳል። ዝናብ ባነሰ ዓመት ቀዳዳዎቹ ያለውን ውሃ ጠጥተው አልጋው ሊደርቅ ይችላል፤ የሰረገው ሌዘርሄድ አካባቢ በምንጭ ይወጣል። ስለዚህ የካርታው ጽሑፍ ባዶ ውሸት አልነበረም። ውሃው እውነት ከሥር ይሄዳል፤ ወንዙ ግን ከላይ አለ። ለእርማት ያስቸገረውም ይኸው ግማሽ እውነትነቱ ነው፤ በድርቅ ዓመት የሄደ ሰው ደረቁን አልጋ አይቶ «ካርታው ልክ ነው» ብሎ ይመለሳል።

መዳብም በቀላሉ አይታረምም። የተቀረጸውን ለማጥፋት ፊቱን ፍቆ፣ ከጀርባ ቀጥቅጦ፣ ደልድሎ እንደገና መቅረጽ ያስፈልጋል። ለአንዲት አጭር ጽሑፍ ማን ይደክማል? የስፒድ መዳቦች ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጡ፣ የዴፎ መጽሐፍ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቀለም እየተቀቡ ይታተሙ ነበር።