ስለ ጣና ባሕር የተደረገ ድርድር፤ ከ1894 እስከ 1928 ዓ.ም.

በአማርኛ «ገዛ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍች አለው። አንዱ ዋጋ ከፍሎ የራስ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሥልጣን ሥር አድርጎ ማስተዳደር ነው። «ገዢ» የሚባለውም በገበያ የቆመው ሸማች፣ በአገር ላይ የተሾመውም ባለሥልጣን ነው። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በዓለም ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሁለት ፍችዎች በአንድ ውል የተገናኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ይኸውም አንድ መንግሥት መሬትን በገንዘብ በገዛ ጊዜ በላዩ የሚኖረውን ሕዝብ አብሮ የገዛበት ነው። ጣና ባሕርን በውል ለማግኘት የተደረገው የረጅም ጊዜ ድርድርም በዚህ ረገድ ሲመረመር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት አንዱን ግዥ ከሌላው ለመለየት የደከመበት ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

በግዥ አገርን የማስፋት ዋናው ምሳሌ የአሜሪካ ኅብረት ነው። ይህ መንግሥት ነጻነቱ በእንግሊዝ ዘንድ ከታወቀለት ገና ሃያ ዓመት በሆነው ጊዜ፣ በ1795 ዓ.ም. (1803 እ.ኤ.አ.) ሉዊዚያና የተባለውን ሰፊ ምድር ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የተላኩት መልእክተኞች መጀመሪያ የፈለጉት የኒው ኦርሊንስን ወደብና አካባቢውን ብቻ ነበር። ናፖሌዎን ግን በሄይቲ ደሴት የነበረው ሠራዊቱ በነጻነት ታጋዮችና በወባ መሰል ቸነፈር ስላለቀበት፣ ከእንግሊዝም ጋር የሚያደርገው ጦርነት ስለቀረበ፣ ምድሩን በሙሉ ለመሸጥ ቈረጠ። የአገሩም ስፋት በአንድ ውል እጥፍ ያህል ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ አላስካ ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ተገዛች። ይሁን እንጂ በሁለቱም ምድር ይኖሩ የነበሩት ነባር ሕዝቦች አልተጠየቁም። ሻጩ የሸጠው፣ በካርታ ላይ የነበረውን የይገባኛል መብቱን ነበር፤ መሬቱን ከነዋሪዎቹ እጅ ለማውጣት ገዢው ከዚያ በኋላ ብዙ ውልና ብዙ ጦርነት አስፈልጎታል።

እንዲህ ያለው ግዥ ለኢትዮጵያም ሩቅ አልነበረም። የኢጣልያ መንግሥት አንድነቱን ካወጀ ገና ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ በኅዳር 1862 ዓ.ም. ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው ቄስ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ የባሕር ዳር መሬት ከሁለት ወንድማማች የአካባቢው ሱልጣኖች በ6,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ተዋዋለ። የሱዌዝ ቦይ የተከፈተው በዚያው ሳምንት ነበርና የመሬቱ ጥቅም ለመርከብ የድንጋይ ከሰል ማራገፊያ ነው ተባለ። ሆኖም በ1874 ዓ.ም. መንግሥቱ ራሱ ያንን መሬት ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዘ፤ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ የተባለ ቅኝ ግዛት አወጀ። በነጋዴ እጅ የተጀመረው ግዥ በሃያ ዓመት ውስጥ በወታደር እጅ ወደ ግዛት ተለወጠ። በዐድዋ ድል ያደረጉት ዳግማዊ ምኒልክ ከማናቸውም የኤውሮፓ መንግሥት ጋር ስለ መሬት ሲነጋገሩ ይህ ታሪክ በፊታቸው ነበር።

እንግሊዞች ሱዳንን በ1890 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ ዐይናቸውን በዐባይ ምንጭ ላይ ጣሉ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በንጉሠ ነገሥቱና በእንግሊዝ መልእክተኛ በኮሎኔል ሐሪንግተን መካከል የተፈረመው የድንበር ውል ለዚህ ነገር መሠረት ነው። በሦስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር አስቀድሞ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ በጥቁር ዐባይ፣ በጣና ባሕርና በሶባት ላይ ወደ ነጭ ዐባይ የሚወርደውን ውኃ የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገቡ። በአራተኛው አንቀጽ ደግሞ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ተፈቀደ። የአራተኛው አንቀጽ አጻጻፍ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው። መሬቱ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል ተከለከለ፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስከምትቈይበት ጊዜ ብቻ ሆነ። ለዚህ አገልግሎት የተመረጠው ጋምቤላም ሱዳን ነጻ በወጣች ጊዜ፣ በ1949 ዓ.ም. ያለ ጦርነትና ያለ ክርክር ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን ያደረገ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። መሬቱ በሜትር ተለክቶ፣ በዘመን ተወስኖ ተሰጠ፤ ውኃው ግን ያለ ልክና ያለ ዘመን በአንድ ቃል ታሰረ። ለዚህም ቃል የሚከፈል ዋጋ በውሉ ውስጥ አልተጻፈም። ሦስተኛው አንቀጽ ውኃውን ማቆምን ይከለክላል እንጂ በውኃው መጠቀምን አይከለክልም የሚለው ክርክር በኋላ ዘመን የተነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለመሆኑ እንግሊዞች ጣናን ያን ያህል የፈለጉት ስለምን ነበር? ከባሕሩ የሚወጣው ውኃ ጥቁር ዐባይ ወደ ሱዳን ይዞት ከሚገባው ውኃ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። የጣና ዋጋ ግን በብዛቱ ሳይሆን በጊዜው ነው። ዐባይ በክረምት ሞልቶ ይፈሳል፤ በበጋ ይሳሳል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው ባሕር በመውጫው ላይ ቢገደብ የክረምቱን ውኃ አከማችቶ በበጋ ወራት የሚለቅ ጎተራ ይሆናል። ይህን የተረዳው የመስኖ መሐንዲስ ዱፕዊ በ1895 ዓ.ም. ባሕሩን መረመረ፤ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ባለሙያዎች ሌላ ምርመራ አደረጉ። በ1918 ዓ.ም. የሰናር ግድብ ተመርቆ የገዚራ የጥጥ እርሻ በተስፋፋ ጊዜ የበጋ ውኃ ፍላጎት እጅግ ከፍ አለ።

በባሕሩ ዳር ግን ለመሸጥ የተዘጋጀ ባዶ መሬት አልነበረም። በጎጃምና በበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚ አባት የሚወረድ የዘር መብት ነው፤ አንድ ባለርስት ያርሰዋል እንጂ የዘመዶቹን መብት ሊያጠፋ አይችልም። እርግጥ የመሬት ሽያጭ ፈጽሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። በጎንደር ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ጠርዝ ላይ ዋስና ምስክር ተጠርቶ የተጻፉ የሽያጭ ውሎች ይገኛሉ። ነገር ግን በእነዚህ ውሎች የሚለወጠው ባለመሬቱ ነው እንጂ ንጉሡና ሕጉ አይለወጡም ነበር። ከባለርስቱ ሌላ ደግሞ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ጣና ቂርቆስና በዘጌ ያሉት ገዳማት በደሴቶቹና በዳርቻው ይዞታ ነበራቸው። ርስት ያልነበራቸው ወይጦዎችም ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ ዓሣና ጉማሬ እያደኑ በባሕሩ ይኖሩ ነበር። ባሕሩ በግድብ ከፍ ቢል የዳሩ እርሻና የገዳማቱ ይዞታ ይሰጥማል፤ ዝቅ ቢል ደግሞ የደንገሉና የዓሣው ስፍራ ይደርቃል። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ትባል የነበረችው የዐባይ መውጫ መንደር በዚያ ዘመን ትንሽ ነበረች፤ ሊሠራ የታሰበው ሥራ ግን በደጃፏ ነበር።

የእንግሊዝና የኢጣልያ መንግሥታት እነዚህን ሰዎች ቀርቶ የኢትዮጵያን መንግሥት እንኳ ሳይጠይቁ ተዋዋሉ። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. በሮማ የእንግሊዝ አምባሳደር ከሙሶሊኒ ጋር በተለዋወጠው ደብዳቤ፣ ኢጣልያ የጣናን ግድብና ከሱዳን ወደዚያ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ እንድትደግፍ፣ እንግሊዝም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አልፎ ኤርትራን ከሶማልያ የሚያገናኘውን የኢጣልያ የባቡር ሐዲድ እንድትደግፍ፣ የምዕራቡም ክፍል በኢኮኖሚ ረገድ ለኢጣልያ ብቻ እንዲተው ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ሰኔ 12 ቀን 1918 ዓ.ም. ለመንግሥታት ማኅበር የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩ። ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ የገባችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነበርና፣ ደብዳቤው የማኅበሩን ቃል ኪዳን መሠረት አድርጎ፣ በአባሎች እኩልነት ላይ በታመነ ማኅበር ውስጥ ሁለት አባሎች ሦስተኛውን ሳያማክሩ በአገሩ ላይ ሊዋዋሉ እንዴት እንደሚገባ ጠየቀ። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ሲሉ መለሱ። በዚህም ስምምነቱ በተግባር ዋጋ አጣ።

ተቃውሞው ብቻውን ግን ጕዳዩን አይዘጋውም ነበር። ግድቡ ለኢትዮጵያም ገቢና መንገድ ሊያስገኝ ይችል ነበርና፣ ልዑልነታቸው ሥራውን በሌላ እጅ ለማሠራት አሰቡ። ለዚህ ጕዳይ የተላኩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እሳቸው በጎንደር ተወልደው፣ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንኖች ተወስደው በሕንድ ያደጉና ሕክምና የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ ወሬውም በለንደንና በካይሮ ታላቅ ድንጋጤ አደረገ። የምርጫው ምክንያት ግልጽ ነው። አሜሪካ በኢትዮጵያ ዙሪያ ግዛት አልነበራትም፤ የመጣውም መንግሥት ሳይሆን ደመወዙን ተቀብሎ የሚሄድ ኩባንያ ነበር። ሉዊዚያናንና አላስካን በመግዛት የሰፋው አገር ልጆች በጣና የተፈለጉት መሬት ስለማይገዙ ነበር። የአሰብን ነገር የሚያስታውስ ሰው በኩባንያ ላይ ያለውን ጥርጣሬ አይተውም፤ ነገር ግን የአሰብ ኩባንያ ከኋላው መርከብ የሚልክ መንግሥት ቆሞለት ነበር፤ ይህኛው በጣና የሚላክ ጦር አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ በዝግታ ሄደ። በ1894ቱ ውል ምክንያት የሱዳን መንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበረ፣ በ1922 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የኩባንያው ተወካዮች ተሰብስበው ተነጋገሩ፤ ከዚያም ኩባንያው የባሕሩን መውጫ መረመረ። ግብጽም በኋላ በንግግሩ ተካፈለች። በሰኔ 1927 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ የጦርነቱን አደጋ ለማብረድ ሌላ ልውውጥ አሰበች፤ ኢትዮጵያ ከኦጋዴን ከፍላ ለኢጣልያ ብትሰጥ እንግሊዝ የዘይላን ወደብ ልትለቅላት አንቶኒ ኢደን በሮማ ሐሳብ አቀረቡ። ሙሶሊኒ ሐሳቡን አልተቀበለም። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድንበር ተሻገረ፤ የጣናም ድርድር በዚያው ተቋረጠ። በውል ሊያገኘው ያልቻለውን በጦር ለመያዝ የመጣው ኃይልም ከአምስት ዓመት በኋላ ለቆ ሄደ።

ከነጻነት በኋላ የባሕሩ ሥራ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ተከናወነ። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ ባለሙያዎች የጥቁር ዐባይን ተፋሰስ አጠኑ። በዚህ ጊዜ፣ በ1952 ዓ.ም. ግብጽና ሱዳን የዐባይን ውኃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ለሁለት ተካፈሉት፤ ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ አልነበረችም። በባሕር ዳር አጠገብ የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. በሁለት በሮች ተሠርቶ፣ በ1993 ዓ.ም. በሮቹ ሰባት ሆኑ። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም.፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1894 ዓ.ም. ያለ ዋጋ የታሰረው ቃል በዚህ ሁሉ ሥራ ተሻረ።

ይሁን እንጂ የመሬት ግዥ ታሪክ ያስነሣው ጥያቄ ከውጭ መንግሥታት ጋር ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የባሕሩ ከፍታ እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ መርከቦች ቆሙ፤ የዳር ገበሬዎችም በደረቀው የባሕር ወለል ላይ አረሱ። ኢትዮጵያ በሮማ የተጻፈውን ደብዳቤ የተቃወመችው ባለቤቱ ሳይጠየቅ ተወሰነ ብላ ነበር። ይህ መከራከሪያ ባሕሩ በገዛ አገሩ ሰዎች እጅ በሚተዳደርበት ጊዜም ዋጋው አይቀንስም፤ የበሮቹ መክፈቻና መዝጊያ በሚወሰንበት ስፍራ ባለርስቱ፣ ገዳማዊውና ባለታንኳው የሚደመጡ መሆናቸውን በጊዜው ሁሉ መመርመር ያስፈልጋል።