ኮከብ ቆጠራ በታሪክ፤ ከፕላኔቶች መተያየት እስከ ኬፕለር ሕግጋት

የሰው ልጅ ሰማይን መመልከት የጀመረው ለኑሮው ሲል ነው። የዝናቡን መግቢያ፣ የዘሩን ወቅትና የመንገዱን አቅጣጫ ከፀሐይ፣ ከጨረቃና ከከዋክብት ተማረ። ኅብረተሰብ በመደብ ተከፋፍሎ ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ሲጸኑ ግን ለዚሁ እውቀት ሌላ አገልግሎት ታከለበት፤ ይኸውም የንጉሥን ዕድል፣ የጦርነትን ውጤትና የዙፋንን ዕድሜ መተንበይ ነው። በመሆኑም የኮከብ ቆጠራን ታሪክ ስንመረምር ልኬትን ከትርጓሜ ለይተን መያዝ ይገባናል። ሁለቱ ለረጅም ዘመናት አብረው ቢጓዙም ምንጫቸውም ሆነ ዋጋቸው አንድ አይደለም። ይህን ጉልህ አድርጎ የሚያሳየን በልደት ሰንጠረዥ ላይ የፕላኔቶች «መተያየት» የሚባለው ትምህርት ነው። (ከዚህ በታች የተመለከቱት ዘመናት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የልደት ሰንጠረዦች ጥንታውያኑ በባቢሎን በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፉ ሲሆኑ፣ ዘመናቸውም 410 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። በእነርሱ ላይ በዋናነት የሰፈረው ሕፃኑ በተወለደበት ጊዜ ፕላኔቶች የነበሩበት ሥፍራ ነው። የ360 ዲግሪውን ክበብ ለአሥራ ሁለት የከዋክብት ቤቶች እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ አድርገው ያካፈሉት ባቢሎናውያን ሲሆኑ፣ የግሪክ ቋንቋ ሊቃውንት ይህን ተቀብለው ፕላኔቶቹ እርስ በርስ የሚሠሩትን ማዕዘን ለኩ። በ2ኛው ምዕት ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ቶለሚ ይህን ትምህርት በአራት ክፍል ባዘጋጀው መጽሐፉ አጠቃለለው። በእርሱ አገላለጽ በ120 እና በ60 ዲግሪ የሚተያዩ ይስማማሉ፤ በ90 እና በ180 የሚተያዩ ይጣላሉ። ከዚህ በመነሣት ሰንጠረዥ አንባቢዎች ቅርጾችን መተርጎም ያዙ። ሦስት ፕላኔቶች በየ120 ዲግሪ ቆመው ሦስት ማዕዘን ቢሠሩ የተሳካ ተሰጥዎ፣ አራት ፕላኔቶች በየ90 ዲግሪ ቆመው አራት ማዕዘን ቢሠሩ ትግልና መሰናክል ተብሎ ተነበበ።

ማዕዘኑ ማንም ሊለካው የሚችል እውነት ነው። «ይስማማሉ»፣ «ይጣላሉ» የሚለው ፍርድ ግን ከየት መጣ? ቶለሚ ምክንያት ሲሰጥ አንዳንዶቹን ቤቶች ወንድ፣ ሌሎቹን ሴት አድርጎ በመመደብ፣ በ120 እና በ60 የሚተያዩት ፆታቸው አንድ በመሆኑ ይስማማሉ ይላል፤ የሙዚቃ ድምፆችን ስምምነትም በማስረጃነት ይጠቅሳል። እንግዲህ ፍርዱ በምድር ላይ ከነበረው አስተሳሰብ ተወስዶ ወደ ሰማይ የወጣ እንጂ ከሰማይ የተነበበ አልነበረም።

ትምህርቱ ወደ ዓረብኛው ዓለም ሲሻገር ከመንግሥት ጉዳይ ጋር ይበልጥ ተቆራኘ። በ762 ኸሊፋው አል መንሱር የባግዳድን ከተማ ሲቆረቁር የመሠረቱን ሰዓት የመረጡለት ናውባኽትና ማሻአላህ የተባሉ ኮከብ ቆጣሪዎች ነበሩ። በ886 ያረፈው አቡ መዕሸር ደግሞ የሥርወ መንግሥታትን መነሣትና መውደቅ ከሳተርንና ከጁፒተር ግጥምጥሞሽ ጋር አያያዘ። ሁለቱ ፕላኔቶች በ20 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ በየጊዜው የሚገናኙበት ሥፍራም ከክበቡ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚርቅ፣ ሦስት ተከታታይ ግንኙነቶች በሰማይ ላይ ሦስት ማዕዘን ይሥላሉ። ስሌቱ ድንቅ ነበር፤ የመንግሥታትን ውድቀት ምክንያት ግን ከግብር፣ ከመሬትና ከሠራዊት አርቆ በማይጠየቅ ሰማይ ላይ ሰቀለው።

የዚህ ጉዞ አሻራ በሀገራችንም አለ። በአውደ ነገሥት ውስጥ የምናገኛቸው ሐመል፣ ሰውር፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ የተባሉት የከዋክብት ስሞች ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ በአውደ ነገሥት ስሌት የባለጉዳዩና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው ለአሥራ ሁለት ይገደፋሉ፤ ቀሪው ቁጥር የሰውዬውን ኮከብ ይወስናል። በዚህ ሥርዓት ቆጣሪው ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም። የከዋክብቱ ስም ቀርቷል፤ ምልከታው ግን ጠፍቷል።

በአውሮጳ ልኬትና ትርጓሜ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተፋጠጡ። ዮሐንስ ኬፕለር በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ የሒሳብ መምህር ሳለ፣ ከሥራው ግዴታዎች አንዱ ትንቢት ያለበት የዘመን መቁጠሪያ ማዘጋጀት ነበር። በሐምሌ 1595 የሳተርንና የጁፒተርን ግንኙነቶች ለተማሪዎቹ በክበብ ላይ ሲሥል፣ ሦስት ማዕዘኖቹ በመካከላቸው ሌላ አነስተኛ ክበብ እንደ ፈጠሩ አየ። የሁለቱ ክበቦች ንጽጽር የሁለቱን ፕላኔቶች ምሕዋር መሰለው። በ1596 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ላይ ተነሥቶ የገነባው ሐሳብ ስሕተት ነበር፤ ዳሩ ግን ኬፕለር ትክክለኛ ልኬት ፍለጋ ወደ ቲኮ ብራሄ እንዲሄድ አደረገው። ከብራሄ ልኬቶችም በ1609 ሁለቱን፣ በ1619 ሦስተኛውን የፕላኔቶች እንቅስቃሴ ሕግ አወጣ። ልኬቱ ከሐሳቡ ጋር አልስማማ ሲል ሐሳቡን አረመ፤ ታላቅነቱም በዚሁ ነው።

ኬፕለር ኮከብ ቆጠራን ሙሉ በሙሉ አልተወም። የመተያየት ማዕዘኖችን ጠብቆ የ72፣ የ135 እና የ144 ዲግሪዎችን ጨመረ፤ በአየር ጠባይ ላይ የሚያመጡትን ለውጥ ለማወቅም ለዓመታት መዝገብ ያዘ። በ1608 ለቦሔሚያው መኰንን ለቫለንስታይን የልደት ሰንጠረዥ ሠራለት። ቫለንስታይን ታላቅ የጦር አዛዥ ከሆነ በኋላ፣ ክስተቶቹ ከተተነበዩበት ጊዜ ቀድመው ወይም ዘግይተው ስለ ደረሱ ሰንጠረዡ እንዲታረምለት ጠየቀ። ሕይወት ከሰንጠረዡ ጋር ሳይሆን ሰንጠረዡ ከሕይወት ጋር እንዲስማማ ተፈለገ ማለት ነው። የታረመው ትንቢት በመጋቢት 1634 ታላቅ ሁከት ጠቁሞ ያቆማል፤ ቫለንስታይን የተገደለውም በየካቲት 1634 ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች ይህን እንደ ድል ይጠቅሱታል። ይሁንና የገደሉት የራሱ ሠራዊት መኰንኖች ናቸው፤ ያስፈረደበትም ከሠላሳው ዓመት ጦርነት የተፀነሰው የንጉሠ ነገሥቱ ጥርጣሬ ነው። የታሪክ ተመራማሪ መልሱን የሚሻው እዚህ ላይ ነው።

በ1985 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመው የሾን ካርልሰን ሙከራ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ፈተነው። ኮከብ ቆጣሪዎች ለአንድ የልደት ሰንጠረዥ ከቀረቡላቸው ሦስት የጠባይ መግለጫዎች የባለቤቱን እንዲለዩ ተጠየቁ። ውጤታቸው በዕጣ ከሚገኘው፣ ማለትም ከሦስት አንድ፣ የተሻለ አልነበረም።

ሳተርንና ጁፒተር ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ተለያይተው በምዕራብ ሰማይ ታዩ። ቀኑ አስቀድሞ በስሌት የታወቀ ነበር፤ ለተራበውም ለጠገበውም እኩል ታይቷል። መምህሩ በክፍሉ፣ ኪነ ጥበበኛው በመድረኩ፣ ካድሬውም በውይይቱ የኮከብ ቆጠራን ነገር ሲያነሡ ማፌዝ ብቻ አይበቃቸውም። ሕዝብ መጪውን ለማወቅ የሚጨነቀው ኑሮው ዋስትና ሲያጣ ነውና ጭንቀቱን ማክበር ይገባል። ከዚያም ወጣቱ ክበብ ሥሎ ማዕዘን እንዲለካ፣ ሰማዩን በገዛ ዓይኑ እንዲመለከትና የተባለውን ከታየው ጋር እንዲያስተያይ ማስተማር ያስፈልጋል። ኬፕለርን ከትንቢት ጸሐፊነት ወደ ሕግ ፈላጊነት ያሸጋገረው ይኸው ልማድ ነበር።