ጠለፋ

ሐይቅ ገበያ ላይ ቀሚስ የምትሸጥ ሴት «ራሷ ጠለፈችው» ከተባለላት የተመሰገነው የእጅ ሙያዋ ነው። የአምባሰል ገበሬ ወንዝ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል። ገመድ የሚሮጥን ሰው እግር ይጠልፋል። ልጃገረድ ተጠለፈች ሲባል ግን ቃሉ ይከብዳል፤ ያለ ፈቃድ መውሰድ ይሆናል። የስልክ ጠለፋ የዚህኛው የቅርብ ዘመድ ነው እላለሁ።

አንድ ልዩነት አለ። ልጅ የተጠለፈችበት ቤት እሪ ይላል፣ መንደሩም ይሰማል። የተጠለፈ ንግግር ግን ደሴ ላለችው እህት አንዳች ሳይጎድለው ይደርሳታል። እሪ የሚል የለም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ዝምታ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የደብዳቤና የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ስልክና ኢንተርኔት እንዲጠልፍ ሲፈቅድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቅ ነበር። ይሁንና ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ የተቀዳ የስልክ ንግግራቸው ምርመራ ላይ ሳሉ እንደተከፈተባቸው የተናገሩ ሰዎችን ምስክርነት አቀረበ። ያ አዋጅ በ1176/2012 ተተክቷል።

ስለዚህ «ክትትል» የሚለው ለስላሳ ቃል ለሁሉም አይበቃም። ዳኛ አይቶ የፈቀደውን ክትትል እንበለው። ያልፈቀደው ጠለፋ ነው፤ በስሙ እንጥራው።