ለፈተና ሲባል የሚዘጋው ኢንተርኔት፦ ሱዳንና ኢትዮጵያ ኩረጃን የተከላከሉባቸው መንገዶች

ሳጃና ከመሃል ካርቱም በስተደቡብ የሚገኝ፣ በግንባታ ዕቃዎች ገበያው የሚታወቅ ሰፈር ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በሚሰጥባቸው ቀናት፣ እዚህም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የሞባይል ኢንተርኔት ጠዋት ጠዋት ለሰዓታት ይቋረጥ ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በጁን 2021 እና በጁን 2022 የሆነው ይኸው ነው። ዓላማው የፈተና ወረቀት በስልክ ተነሥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይሠራጭ ማድረግ ነበር። ዋጋውን ግን ፈተና የሌለበትም ሰው ከፍሏል፤ ሒሳብ በባንክ መተግበሪያ የሚቀበል ነጋዴም፣ ባሕር ማዶ ካለ ዘመዱ ጋር በስልኩ የሚገናኝ ስደተኛም ፈተናው እስኪያበቃ መጠበቅ ነበረበት።

ሱዳን በዚህ ብቻዋን አልነበረችም። አልጄሪያ፣ ኢራቅና ሶሪያም ለብሔራዊ ፈተና ሲሉ መላ አገርን ከኢንተርኔት ነጥለዋል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው በግንቦት 2008 ዓ.ም. ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በሚጀመርበት ዕለት የእንግሊዝኛው ጥያቄ ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ መንግሥት ፈተናውን ሰረዘው። ድርጊቱን እንደፈጸሙ የተናገሩት በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ የመብት ተሟጋቾች፣ በተቃውሞው ምክንያት ለወራት ከትምህርት የራቁ የኦሮሚያ ተማሪዎች ከሌሎች እኩል ሊፈተኑ አይገባም የሚል መከራከሪያ ነበራቸው። የፈተና ሐቀኝነት ጥያቄ እንዲህ ከፍትሐዊነት ጥያቄ ጋር ተጣምሮ መምጣቱ በኋላም የቀጠለ ነገር ነው። ፈተናው በቀጣዩ ወር በድጋሚ ተሰጠ። በ2009 ዓ.ም. የፈተና ወቅት ደግሞ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘጋ።

ይሁን እንጂ መስመር መዝጋት የሚያስቆመው የሾለከው ወረቀት እንዳይሠራጭ ነው፤ መሹለኩን አይደለም። ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት እስከ መፈተኛ ክፍል በብዙ እጅ ያልፋል። ከዚያም በላይ ኩረጃ ስልክ ሳይኖርም ነበረ። ተማሪው በገዛ ትምህርት ቤቱ፣ ከሚያውቃቸው ጓደኞቹ ጋር ሲፈተን፣ ትምህርት ቤቱና ወረዳውም በውጤቱ ሲመዘኑ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አይጠፋም።

የትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የወሰደው እርምጃ ያነጣጠረው በዚህ ላይ ነበር። ከመስከረም 30 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየአካባቢያቸው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ ስልክ ሳይዙ፣ እዚያው እያደሩ በሁለት ዙር ተፈተኑ። ነገሩ ያለ እንከን አላለፈም፤ በአማራ ክልል በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው ወጥተዋል።

ውጤቱ በጥር ወር ሲገለጽ አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት የማለፊያው መጠን 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኗል። የትምህርት ሚኒስትሩ ብርሃኑ ነጋ (ፕሮፌሰር) ውጤቱ የትምህርት ሥርዓቱን ውድቀት የሚያሳይ መሆኑን ገልጸው ነበር። በእርግጥም ቁጥሩ ያጋለጠው የተማሪዎችን ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ ያለ ቤተ ሙከራና ያለ በቂ መምህር የተማረ የገጠር ልጅ፣ ኩረጃ ሲዘጋበት፣ ሳያስተምረው የቆየው ሥርዓት ውድቀት በእሱ ስም ተመዝግቧል። ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲወስዱ የተደረገውም ከዚህ በኋላ ነው።

በካርቱም ግን የፈተናው ጥያቄ መልኩን ቀየረ። በኤፕሪል 15፣ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ለፈተና የተዘጋጁት የዚያ ዓመት ተማሪዎች ሳይፈተኑ ቀሩ። ፈተናው የተሰጠው በዲሴምበር 28፣ 2024 ነው፤ ያውም ሠራዊቱ በሚቆጣጠራቸው አካባቢዎችና እንደ ግብፅ ባሉ የስደት አገሮች። ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ በያዛቸው የዳርፉርና የኮርዶፋን አካባቢዎች የነበሩ አብዛኞቹ ተማሪዎች ዕድሉን አላገኙም። ቀድሞ ለሦስት ሰዓት ተዘግቶ ይከፈት የነበረው ኢንተርኔትም በፌብሩዋሪ 2024 በአገሪቱ አብዛኛው ክፍል ሲጠፋ፣ በብዙ ቦታዎች ለወራት አልተመለሰም።