የጣና ሐይቅ የጀልባ ኪራይ

የጣና ሐይቅ የጀልባ ኪራይ በባሕር ዳር ከተማ ባለሞተር ጀልባን ከነነጂው ለጥቂት ሰዓት ወይም ለሙሉ ቀን በኮንትራት የመያዝ አገልግሎት ነው። ከደጀን በብቸና እና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የሽርሽር ጀልባ የሚገኝበት ቅርብ ውሃ ይኸው ነው። ዓባይ ለሞጣ ቢቀርብም በጥልቅ ሸለቆ ስለሚወርድ ለዚህ አይመችም።

ዋጋው በድርድር የሚቆረጠው በሰው ሳይሆን በጀልባው ነው፤ ስለዚህ ስምንት ሆኖ መሄድ ለሁለት ከመሄድ ይረክሳል። የገዳማት መግቢያ ለብቻ ይከፈላል።

ብዙው ተከራይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወዳለችበት ወደ ዘጌ ወይም ጉማሬ ወደሚታይበት ወደ ዓባይ መውጫ ይሄዳል። የዐፄ ፋሲለስ እና የሌሎች ነገሥታት አፅም ያረፈበት ደጋ እስጢፋኖስ ግን ሩቅ ነው፤ ደርሶ መልስ ቀኑን ይፈጃል። ደጋም ሆነ ለከተማው ቅርብ የሆነው ክብራን ገብርኤል ሴቶችን አያስገቡም። ይህ ከመዋዋል በፊት ካልተጠየቀ እናትና እኅት ከፍለው መጥተው ወደብ ላይ ይቀራሉ።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በዚህ የተነሣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ይበረታል። ጠዋት መነሣት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ከሞጣ የሚመጣ መንገደኛም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ዋዜማውን ባሕር ዳር ቢያድር ይሻለዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬት በተሳፋሪው ቁጥር ልክ መኖሩን ቆጥሮ መሳፈር ይገባል። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ የአካባቢው ሰው ዓሣ የሚያጠምድበትና ዕቃ የሚያጓጉዝበት እንጂ የሽርሽር ጀልባ አይደለም።