ሲጢጥ የሚለው ቺዝ

ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ ሽሮ ይንተከተካል። ቺዝ ጥርስ ሥር ሲጢጥ ሲል ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጥያቄውን በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ላደገ ሰው ብታቀርቡለት «እንዴታ!» ይላችኋል። እዚያ «ቺዝ ከርድ» የሚባል፣ የጣት አንጓ የሚያካክል፣ ገና ከመሥሪያው ገንዳ የወጣ የቼዳር ቁራሽ በከረጢት እየተሸጠ እንደ ቆሎ ይበላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለብ ያለ ወተት ውስጥ የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያና ሬኔት የሚባል፣ ድሮ ከጥጃ ጨጓራ ይወጣ የነበረ ማርጊያ ይጨመራል። ወተቱ ሲረጋ ይቆራረጣል፤ አጓቱ ይፈስሳል፤ የቀረው ጨው ይነሰነስበታል። ይህ በመጭመቂያ ተጨምቆ ለወራት ቢቀመጥ ቼዳር ይሆናል። ሳይጨመቅ ዕለቱን ቢበላ ደግሞ ከርድ ነው። የኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ በእሳት ሙቀት ስለሚሠራ ይፈረፈራል። ከርድ ግን በካልሲየም የተያያዘ የፕሮቲን መረብ ስለሆነ ጥርስ ሲፈትገው ይጮሃል። ታዲያ በጥቂት ቀናት ውስጥ መረቡ ይላላና ድምፁ ይጠፋል። እንግዲህ ቺዙ ሲጢጥ ካለ ላሟ ሩቅ አይደለችም ማለት ነው።

ላሟ እንዴት እዚያ ተገኘች? ታሪኩ ያለው እዚህ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዊስኮንሲን የስንዴ አገር ነበረች። ገበሬው በየዓመቱ ስንዴ በስንዴ ላይ እየዘራ አፈሩን አራቆተው፤ ተባይም ተጨመረበት፤ በምዕራብ ያሉ አዳዲስ ማሳዎችም ገበያውን ተሻሙት። መውጫ ያሳዩት ከኒውዮርክ የመጡ ቺዝ አዋቂ ሰፋሪዎች ነበሩ። በ1841 አን ፒኬት የተባለች ሴት የጎረቤቶቿን ላሞች ወተት ሰብስባ በቤቷ ቺዝ መሥራት ጀመረች። ከኛ የወተት እቁብ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለው። በ1864 ቼስተር ሄዘን የቺዝ ፋብሪካ ሲያቆም ሥራው «የሄዘን ቂልነት» ተብሎ ተሳቀበት። ሳቁ ግን ብዙ አልዘለቀም።

በ1872 ዊልያም ሆርድና ጥቂት ጓደኞቹ የወተት አምራቾችን ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ቺዙ ሳይበላሽ የምሥራቅ ከተሞች እንዲደርስ ከባቡር ኩባንያዎች ጋር ስለ ቀዝቃዛ ፉርጎ ተደራደረ። አንድ ችግር ግን አልተፈታም ነበር። ወተት የሚገዛው በክብደት ስለሆነ ውኃ የቀላቀለውም፣ ቅባቱን ገፍፎ ያመጣውም፣ ንጹሑን ያመጣውም እኩል ይከፈላቸው ነበር። በ1890 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ባብኮክ በወተት ውስጥ ያለውን ቅባት በቀላሉ የሚለካ ዘዴ አገኘ። ፓተንት አውጥቶ ሀብታም መሆን ይችል ነበር። አላደረገውም፤ ለሁሉም በነፃ ለቀቀው። የማጭበርበሪያው በር ጠበበ፤ ጥሩ ወተት ያመጣም የድካሙን አገኘ። ግዛቲቱ በ1915 በቺዝና በቅቤ ምርት ከአሜሪካ አንደኛ ሆና ነበር። አንዲት ትንሽ ምርመራ ጎረቤትን ከጎረቤት አስታርቃ ኢንዱስትሪ ስታቆም ማየት ደስ አይልም?

እንግዲህ ቺዝ ራሱ የተፈጠረው ወተት ሳይበላሽ ሩቅ እንዲጓዝ ነው። ከርድ ግን መንገድ የማይወድ ቺዝ ነው። መጀመሪያም የፋብሪካው ሠራተኛና የሰፈሩ ሰው የሚቀምሰው ትኩስ ነገር ነበር። መንገዱን ያቀናለት መጥበሻ ነው። በቀጭን ሊጥ ተነክሮ በፈላ ዘይት ሲጠበስ ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ቀልጦ ይሳባል። ሲጢጥታው በዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ትናንት የተሠራ ይሁን ካቻምና ቀዝቅዞ የተቀመጠ፣ ማንም አይለየውም። የተጠበሰው የባዛሮችና የመጠጥ ቤቶች ንጉሥ ሆነ፤ በረዶ ሆኖም ላም የሌለበት ከተማ ድረስ ይላካል። ኤልስወርዝ የምትባለው ትንሽ ከተማ ደግሞ በ1984 በገዥው አዋጅ «የዊስኮንሲን የቺዝ ከርድ ዋና ከተማ» ተባለች።

ጨዋታው እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ2004 በዊስኮንሲን ከ15 ሺህ በላይ የወተት እርባታዎች ነበሩ፤ በ2024 ከ6 ሺህ በታች ቀርተዋል። ቺዙ አልቀነሰም፤ ላሞቹ በጥቂት ግዙፍ እርባታዎች ውስጥ ተሰበሰቡ እንጂ። የወተት ዋጋ በወደቀ ቁጥር በሩን የሚዘጋው በአብዛኛው ትንሹ ነው፤ የሱ በር ሲዘጋም ከሱ ወተት የሚቀበለው የሰፈር ቺዝ ቤት ይሳሳል።

እኛ የተጠበሰውን አንጠላም፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን የተጠበሰው ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ሲጢጥ የሚለው ግን ጎረቤት ይፈልጋል። ባብኮክ የወተትን ቅባት ለካልን። የገበሬውን ቅርበት ለመለካት ግን እስካሁን ከጥርሳችን የተሻለ መሣሪያ አላገኘንም።