የአንባቢን ምስክርነት መሻት፦ ከዋልት ዊትማን እስከ በይነ መረብ

(በትምህርት ክፍሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ ክፍል ገለጻ የሚበቃ አይመስል ይሆናል። አንድ አንባቢ ደራሲውን አግኝቶ «መጽሐፍህን ወድጄዋለሁ» ቢለው፣ ደራሲው «እንግዲያውስ ይህንኑ በበይነ መረብ ጻፍልኝ» ብሎ መለመኑ ተገቢ ነውን? ጥያቄውን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዛሬ በገዛ ገንዘቡ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ያለ አንባቢ ምስክርነት ሥራው ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ፣ ነገ የዘመናችንን የንባብ ታሪክ የሚጽፍ ባለሙያ እነዚህን አስተያየቶች እንደ ምንጭ ይጠቀምባቸዋል። ስለዚህ ምስክርነቱ እንዴት እንደ ተገኘ መጠየቅ የእኛ ሙያ ነው።

ልመናው ከበይነ መረብ እጅግ ይቀድማል። ሮማዊው ጠበቃና ጸሓፊ ታናሹ ፕሊኒ በአንድ ደብዳቤው፣ በፍርድ አደባባይ ተናጋሪን ለማወደስ ሰዎች በገንዘብ ይቀጠሩ እንደ ነበር በምሬት ይነግረናል፤ ከገዛ አገልጋዮቹ ሁለቱ በነፍስ ወከፍ በ3 ዲናር ለጭብጨባ መወሰዳቸውንም ይጠቅሳል። ይኸው ፕሊኒ ግን ድርሰቱን ለወዳጆቹ እያነበበና እየላከ አስተያየታቸውን ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ በእርሱ ዘንድ መጠየቅና መግዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ።

በእኛም የብራና ባህል ጸሓፊው በመጽሐፉ መጨረሻ ለአንባቢ የሚያቀርበው ልመና አለ። የሚለምነው ግን ጸሎትን ነው፤ ላጻፈው፣ ለጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረት እንዲለመን ያሳስባል። በቅኔ ቤትም ቅኔው ሲሠምር ከአድማጭ «ይበል!» ይሰማል። ባለ ቅኔው «ይበል በሉልኝ» ቢል ግን ቃሉ ዋጋውን ያጣል። በዛሬው የመጽሐፍ ምርቃት ላይ ወዳጅ ቆሞ ዳሰሳ ሲያቀርብ ብዙዎቻችን ጆሯችንን በጥርጣሬ የምንሰጠው ይህ ስሜት ከውስጣችን ስላልጠፋ ይመስለኛል።

በለንደን ሸሪዳን በ1779 ባሳየው «ዘ ክሪቲክ» በተባለው ተውኔቱ ምስጋናን በጋዜጣ እያዘጋጀ የሚኖር ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ በዘመኑ ላይ ተሳልቋል። ዋልተር ስኮት በ1817 የራሱን ልብ ወለዶች ስሙን ሳይገልጽ «ኳርተርሊ ሪቪው» በተባለው መጽሔት ገምግሟል። ማኮሌይ ደግሞ በ1830 በ«ኤዲንብራ ሪቪው» በጻፈው ጽሑፍ አሳታሚዎች ለመጻሕፍት የሚያስነፍሱትን ከንቱ ውዳሴ ክፉኛ ነቅፏል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ለጥያቄያችን አብዝቶ የሚጠቅመው የአሜሪካዊው ባለ ቅኔ የዋልት ዊትማን ጉዳይ ነው።

ዊትማን «የሣር ቅጠሎች» የተሰኘውን መድበሉን በ1855 በብሩክሊን በራሱ ወጪ አሳተመ። መጽሐፉ 12 ግጥሞችን የያዘ ሲሆን፣ የታተመው 800 እንኳ በማይሞላ ቅጂ ነበር፤ ከፊሉን ፊደል የለቀመው ራሱ ባለ ቅኔው ነው። በርእስ ገጹ ላይ የደራሲ ስም አልነበረም። ዊትማን አንድ ቅጂ በዘመኑ እጅግ ይከበር ለነበረው ለራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ላከ። ኤመርሰንም ሐምሌ 21 ቀን 1855 ከኮንኮርድ ከተማ ደብዳቤ ጻፈለት፤ መጽሐፉን አደነቀ፣ ታላቅ ሕይወት እየጀመረ ላለ ሰው የሚሰጥ ሰላምታም አቀረበለት። ያልታወቀ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ሊመኝ ይችላል?

ዊትማን ያደረጋቸው ሦስት ነገሮች ግን ለየብቻ መታየት አለባቸው።

አንደኛ፣ ደብዳቤው ያለ ኤመርሰን ፈቃድ በጥቅምት 1855 «ኒው ዮርክ ትሪቢዩን» ጋዜጣ ላይ እንዲታተም አደረገ። በ1856ቱ ሁለተኛ እትም ደግሞ የሰላምታውን ቃል ከነኤመርሰን ስም በመጽሐፉ ጀርባ ማጠፊያ ላይ በወርቅ ቀለም አስቀረጸው። ለአንድ ሰው በግል የተነገረ ቃል የሸቀጥ ምልክት ሆነ። ኤመርሰን ወዳጅነቱን ባያቋርጥም በአድራጎቱ ቅር መሰኘቱ ይነገራል።

ሁለተኛ፣ ዊትማን ስለ ራሱ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ግምገማዎች ጻፈ፤ በሦስት የተለያዩ ጋዜጣና መጽሔቶችም ስሙን ሰውሮ አወጣቸው። አንባቢው የሌላ ሰው ድምፅ የሰማ መሰለው፤ የሰማው ግን የደራሲውን ድምፅ ነበር።

ሦስተኛውን ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። በ1856ቱ እትም መጨረሻ ዊትማን ስለ ሥራው የተጻፉ አስተያየቶችን ሲያሰባስብ የሚያወድሱትን ብቻ አልመረጠም፤ ክፉኛ የሚነቅፉትንም አትሟል። ገዢው ሁለቱንም አይቶ እንዲፈርድ ዕድል ሰጠው። በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መጽሐፍ ምክንያት፣ ማታለልና ግልጽነት ጎን ለጎን ተገኙ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1907 ቀልደኛው ጸሓፊ ጄለት በርጀስ በመጽሐፍ ልባስ ላይ ለሚታተም ውዳሴ «ብለርብ» የሚል የፌዝ ስም አወጣለት፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። አማዞን በ1995 መጽሐፍ መሸጥ ሲጀምር ተራው አንባቢ አስተያየት የሚጽፍበትን በር ከፈተ። ይህ በመሠረቱ መልካም ለውጥ ነበር፤ ፍርዱ ከጥቂት መጽሔት አዘጋጆች እጅ ወጥቶ ለብዙዎች ደረሰ። ይሁን እንጂ በ2004 በኩባንያው የካናዳ ገጽ ላይ በደረሰ የቴክኒክ ስሕተት የስውር አስተያየት ሰጪዎች ስም ሲገለጥ፣ የገዛ መጽሐፋቸውን ያወደሱ ደራስያን ታዩ። በ2010 ደግሞ አንድ የታወቀ ብሪታንያዊ የታሪክ ምሁር በሐሰት ስም የራሱን ሥራ ማወደሱንና የባልደረቦቹን ማጣጣሉን አመነ። ይህን ለእናንተ የምጠቅሰው ሙያችን ከፈተናው ነጻ እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም በ2024 የሐሰት አስተያየት መጻፍን፣ መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ አወጣ።

ታዲያ ደራሲው ይጠይቅ ወይስ አይጠይቅ?

እኔ ይጠይቅ ከሚሉት ወገን ነኝ። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» እንዲሉ፣ ስለ መጽሐፍ ለመመስከር ካነበበው ሰው የተሻለ የለም። የተደሰተ አንባቢ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ለመጻፍ የሚነሣው የተቆጣው ነው። ዝምታውን በትሕትና እንዲሰብር ማሳሰብ ምስክርን ወደ ሸንጎ እንደ መጥራት ነው። ምስክር መጥራት ደግሞ በየትኛውም ሸንጎ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ነውሩ ቃሉን ማስጠናት፣ መግዛት ወይም በምስክሩ ስም ራስ መናገር ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ የወደዱትን ብቻ መርጦ መጥራት ሚዛኑን ያዛባል የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። የታሪክ ባለሙያ ከአንድ ወገን ብቻ የተሰበሰበ የቃል ማስረጃ ሲያገኝ ዋጋውን እንደሚቀንስ ሁሉ፣ አንባቢም እንዲሁ ያደርጋል። መፍትሔው ግን ልመናውን ማስቀረት ሳይሆን ማስፋት ነው፤ ጥሪው በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለወደደውም ላልወደደውም እኩል ይቅረብ። የዊትማን ሦስተኛ ሥራ የሚያስተምረን ይህንን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለእኛ ኅብረተሰብ ይበልጥ ይከብዳል፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። «እባክህ ጻፍልኝ» የተባለ ወዳጅ፣ ዘመድ ወይም የበታች ሠራተኛ እንዴት እምቢ ይላል? መምህር ተማሪውን ቢጠይቅ፣ ተማሪው የሚያስበው ስለ መጽሐፉ ነው ወይስ ስለ ውጤቱ? ሳንቲም ባይከፈልበትም ነጻ ያልሆነ ምስክርነት ነው። ስለዚህ እኔ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዬን ስለ መጽሐፌ እንዲጽፍ አልጠይቅም፤ እናንተም መምህራችሁ ቢጠይቃችሁ እምቢ ማለት መብታችሁ መሆኑን እወቁ። መጠየቅ የሚገባው ያለ ጭንቀት ዝም ማለት የሚችለው አንባቢ ነው።

ከተነጋገርነው ታሪክ የማወጣው መለኪያ እንግዲህ አጭር ነው። ጠያቂው ማንነቱን አይሰውር። ለግል የተነገረውን ቃል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አደባባይ አያውጣ። ምን እንደሚጻፍ አይዘዝ፣ ዋጋም አይክፈል። እምቢታ ወይም ነቀፋ ሲመጣ አይቀየም። እነዚህን የጠበቀ ደራሲ ሳያፍር ይጠይቅ።

አንባቢ ለሆናችሁ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በራሱ ገንዘብ አሳትሞ መጽሐፉን በየመደብሩ ተሸክሞ የሚዞረውን ደራሲ ታውቁታላችሁ። ሥራው ጠቅሟችሁ ከሆነ እስኪለምናችሁ አትጠብቁ፤ የወደዳችሁትንም የጎደለውንም በስማችሁ ጻፉ። ኤመርሰን ያልታወቀ ሰው መጽሐፍ ደርሶት ለመጻፍ የተነሣው ማንም ምስጋና አስጠንቶት አልነበረም። ደብዳቤው ከዘመናት በኋላም እንደ ምስክርነት የሚጠቀሰው ስለዚህ ነው፤ ዊትማን ስሙን ሰውሮ የጻፋቸው ውዳሴዎች ግን ዛሬ የሚጠቀሱት እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ነውር ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።